በበሩ ያልገባውም በሽተኛ ይቆጠር!

ርዕሰ አንቀጽ - ላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ

በሀገራችን ሆስፒታል ሲመረቅ ባለሥልጣን አይጠፋም። ሪባን ይቆረጣል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ የአካባቢው ሽማግሌዎች ይመርቃሉ። በማግስቱ የመንግሥት ጋዜጦች የፊት ገጻቸውን ለሕንፃው ፎቶግራፍ ይለቃሉ። በመንግሥት ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ውስጥ ዓመታት የሠራን ሰዎች ይህን ዓይነቱን ዜና ከነአርዕስቱ በቃላችን እናውቀዋለን። እምብዛም የማይጻፈው ሁለተኛው ዜና ነው። ከዓመት በኋላ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ቀዶ ሐኪም አለ ወይ? ደም አለ ወይ? ኦክስጅን አለ ወይ? ምጥ የጠናባት እናት በሌሊት በቃሬዛ ተሸክመዋት ሲደርሱ በሩን የሚከፍትላት አለ ወይ? ለዚህ ዜና የፊት ገጽ ቀርቶ የውስጥ ገጽም የሚመድብለት ብዙ አልነበረም።

ዛሬ የምናነሣው ይህንኑ ጉዳይ ነው። ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው የፍትሕ ጥያቄ ነው፤ የሆስፒታል ሕክምና በዋና ከተማ ብቻ ሳይሆን በየአካባቢው ለሚኖር ሕዝብ ሁሉ ይድረስ ይላል። ሁለተኛው የውጤት ጥያቄ ነው፤ የተሠራው ሆስፒታል በወጉ ያክም፣ የፈሰሰበት ገንዘብ ሰው ያድን ይላል። ፖለቲከኞች የመጀመሪያውን ይወዱታል፣ ሪባን ያስቆርጣልና። አስተዳዳሪዎችና ለጋሾች ሁለተኛውን ይወዱታል፣ በሰንጠረዥ ይቀመጣልና። ሁለቱን ወገኖች በየተራ ያዳመጠ ሰው አንዱን ለማግኘት ሌላውን መሠዋት የግድ ይመስለዋል።

እኛ በዚህ አንስማማም። ሁለቱ ጥያቄዎች የሚጣሉት ሚዛኑ ጠማማ ሲሆን ነው። ሆስፒታል የሚመዘነው በሩን አልፎ በገባው በሽተኛ ብቻ ከሆነ፣ መንገድ ላይ የቀረው አይቆጠርም። ያልተቆጠረ ደግሞ በጀት የለውም።

"ላስ ቬጋስ ተቀምጣችሁ ስለ ደብረ ታቦርና ስለ ጎዴ ሆስፒታል ምን አገባችሁ?" የሚለን አይጠፋም። የሚያገባን በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ወላጆቻችን፣ ወንድምና እኅቶቻችን የሚታከሙት እዚያ ነው፤ የመድኃኒቱም የመኪናውም ገንዘብ የሚላከው ከዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ታክሲ የምንነዳባት፣ በሆቴሎቿ የምንሠራባት፣ ልጆቻችንን ያሳደግንባት ይህች ከተማ ይህን ጥያቄ በራሷ አካል ላይ አይታዋለች። ዓለም በመብራቷ ያውቃታል እንጂ በሆስፒታሏ አያውቃትም። የእሷን ታሪክ ማወቅ ግን ለእኛ ሀገር ይጠቅማል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በላስ ቬጋስ የሕዝብ የሆነው ትልቁ ሆስፒታል በክላርክ ካውንቲ የሚተዳደረው ዩኒቨርሲቲ ሜዲካል ሴንተር፣ በአጭሩ ዩ.ኤም.ሲ. ነው። በኔቫዳ ግዛት ብቸኛው የአንደኛ ደረጃ የአደጋ ሕክምና ማዕከል የሚገኘው በዚህ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ማዕከሉ የሚያገለግለው ከተማዋን ብቻ አይደለም፤ ከኔቫዳ አልፎ የካሊፎርኒያን፣ የአሪዞናንና የዩታን ዳርቻ ጨምሮ 10,000 ስኩዌር ማይል ያህል በረሃና ተራራ የእሱ ክልል ነው።

በሐምሌ 2002 ይህ ማዕከል ተዘጋ። ምክንያቱ እሳት ወይም ጎርፍ አልነበረም። በሕክምና ስሕተት ለሚነሣ ክስ የሚከፈለው ኢንሹራንስ ከአቅም በላይ የሆነባቸው የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች ሥራቸውን ስለለቀቁ ነው። ለ10 ቀናት ያህል ከባድ አደጋ የደረሰበት ሰው ከላስ ቬጋስ አቅራቢያ የሚያገኘው ተመሳሳይ ማዕከል በመኪና አምስት ሰዓት ያህል ይርቅ ነበር። ማዕከሉ የተከፈተው ሐኪሞቹ በጊዜያዊነት የካውንቲው ሠራተኛ ተብለው ተጠያቂነታቸው በሕግ ከተገደበ በኋላ ነው፤ የግዛቱም ምክር ቤት በዚያው ክረምት ለአስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ሕንፃው ቆሟል፣ መሣሪያው አለ፣ አልጋው ተነጥፏል፤ ሐኪሙ ግን የለም። ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም።

ሁለተኛው ፈተና በ2008 መጣ። ኢኮኖሚው ሲንኮታኮት ግዛቱ ለድሆች ሕክምና በሜዲኬይድ የሚከፍለውን ቀነሰ። ዩ.ኤም.ሲ. ኪሳራውን ለመሙላት ተመላላሽ የካንሰር ሕክምናውን ዘጋ። ኢንሹራንስ የሌላቸው በሽተኞች ሕክምናቸው መሐል ላይ ሳለ ሌላ ቦታ እንዲፈልጉ ደብዳቤ ደረሳቸው። ጉዳዩ በመላው አሜሪካ በቴሌቪዥን ታይቶ ብዙ ሰው አስቆጣ። ልብ በሉ! በሒሳብ መዝገብ ላይ ሆስፒታሉ "አፈጻጸሙን አሻሻለ" ሊባል ይችላል፤ ወጪ ቀንሷልና። የተባረረው በሽተኛ ግን በየትኛው ዓምድ ተጻፈ?

ሦስተኛው ጥቅምት 1 ቀን 2017 ነው። በዚያች ሌሊት በሙዚቃ ድግስ ላይ በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ጥይት ሲዘንብ ዩ.ኤም.ሲ. 104 ቁስለኞችን ተቀበለ፤ ለድግሱ ሥፍራ የሚቀርበው ሰንራይዝ ሆስፒታል ደግሞ ከ200 በላይ። ያን ሌሊት የከተማዋ ሰው ለዓመታት "ኪሳራ የሚያመጣ" ሲባል የኖረው የካውንቲ ሆስፒታል ለምን እንዳስፈለገ ገባው። ባዶ ቆሞ የሚጠብቅ አልጋ በተራ ቀን ብክነት ይመስላል፤ በክፉ ቀን ግን የከተማ ነፍስ ነው።

ከከተማዋ ወጥታችሁ ወደ ሰሜን ምዕራብ 200 ማይል ያህል ብትነዱ ቶኖፓ የምትባል የቀድሞ የብር ማዕድን ከተማ ታገኛላችሁ። ያላት አንድ ሆስፒታል በነሐሴ 2015 ገንዘብ አጥሮት ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ለነዋሪዎቿ ቅርብ የሚባለው ሆስፒታል ከ100 ማይል በላይ የሚርቅ ሆነ። ይህ የሆነው በዓለም ሀብታሟ ሀገር ነው። ለትንሽ ከተማ ሆስፒታል በሽተኛው ጥቂት ነው፤ የሐኪሙ፣ የነርሷ፣ የመብራቱ ወጪ ግን ሌሊትም ቀንም ያው ነው። በገበያ ሚዛን ከተመዘነ ሁልጊዜ ይወድቃል።

የአሜሪካ መንግሥት ይህን ሚዛን ለማስተካከል ያደረገውን ሙከራ ማየት ይጠቅማል። በ1997 በወጣ ሕግ ከሌላ ሆስፒታል ርቀው ለሚገኙ፣ ከ25 የማይበልጥ አልጋ ላላቸው የገጠር ሆስፒታሎች የተለየ የአከፋፈል ሥርዓት ተዘረጋ፤ ሜዲኬር በበሽተኛ ቁጥር ሳይሆን ባወጡት ወጪ ልክ ይከፍላቸዋል። ዛሬ ከ1,300 በላይ የሚሆኑ ሆስፒታሎች በዚህ ሥርዓት ይተዳደራሉ። ከ2012 ጀምሮ ደግሞ የሕክምና ጥራትን ለማሻሻል ተብሎ ሌላ ደንብ ተግባራዊ ሆነ። ታክመው የወጡ በሽተኞች በ30 ቀን ውስጥ ከመጠን በላይ እየተመለሱ የሚተኙበት ሆስፒታል የገንዘብ ቅጣት ይቀጣል የሚል ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር። ችግሩ ድሃ በሽተኛ ቤቱ ሲገባ መድኃኒት የሚገዛበት፣ የሚያስታምመው ሰው፣ የሚተኛበት ቤት ላይኖረው መቻሉ ነው። ስለዚህ ድሆችን የሚያክመው ሆስፒታል ይበልጥ ተቀጣ። ኮንግረስ በ2016 መጨረሻ ሕጉን አሻሽሎ፣ ከ2019 የበጀት ዓመት ጀምሮ ሆስፒታሎች ከመሰሎቻቸው ጋር ብቻ እንዲወዳደሩ አደረገ፤ ብዙ ድሃ የሚያክመው ብዙ ድሃ ከሚያክመው ጋር ማለት ነው። ሚዛኑ አልተጣለም፤ ተስተካከለ።

ፍትሕ የሚለው ቃል የመጥፎ ሆስፒታል መሸሸጊያ እንዳይሆን ደግሞ ጎረቤታችን ሎስ አንጀለስ ታስተምረናለች። በ1965 በዋትስ ሰፈር ከተነሣው ሁከት በኋላ፣ የጥቁሮች ሰፈር ሆስፒታል የለውም የተባለው ቅሬታ ተሰምቶ በማርቲን ሉተር ኪንግ ስም የተሰየመ ሆስፒታል በ1972 ተከፈተ። የሕዝብ ኩራት ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን አስተዳደሩ ተበላሸ፣ በቸልተኝነት ሰው ሞተ፣ "የእኛ ነውና አትንኩት" የሚል መከላከያ ለዓመታት ሸፈነው። በመጨረሻ በ2007 የፌደራል ምርመራ ስለወደቀ በሽተኛ ማስተኛት አቆመ። የሰፈሩ ሕዝብ ሌላ ሆስፒታል እየፈለገ ስምንት ዓመት ቆየ፤ በአዲስ አስተዳደር ሥር እንደገና የተከፈተው በ2015 ነው። በመጥፎው ሆስፒታል የተጎዳው ያው ሕዝብ ነው፤ ሆስፒታሉ ሲዘጋም የተጎዳው ያው ሕዝብ ነው። ከዚህ የምንማረው ድክመትን መሸፈንም መዝጋትም መልስ አለመሆኑን ነው። መልሱ ሳይዘጉ፣ ሳይሸፍኑ፣ በጊዜ ማረም ነው።

እንግዲህ ወደ ሀገራችን እንመለስ።

በኢትዮጵያ የሆስፒታል ታሪክ ሲጀመርም በማዕከል ነው። ከአድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ደረሱ፤ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም ከዚያ ጊዜ ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 ሲቋቋም ግን ሌላ ሐሳብ ነበረው፤ ባለሙያን በገጠር አቅራቢያ አሠልጥኖ ወደ ገጠር መላክ። ደርግ ስለ መሠረታዊ ጤና ብዙ ተናገረ፤ በጀቱን ጦርነቱ በላው። ኢሕአዴግ በ1993 ባወጣው የጤና ፖሊሲ ያልተማከለና ፍትሐዊ ሥርጭትን ዋና ዓላማ አደረገ፤ በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ፤ ጤና ኬላና ጤና ጣቢያ በየቀበሌው ተሠራ። ለዚህ ሥራ የሚገባውን ምስጋና አንነፍግም። የሕፃናት ሞት በእርግጥ ቀንሷል። በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ 67 ደርሷል። ተቃዋሚ ነን ብለን የተሠራውን አልተሠራም አንልም።

ይሁን እንጂ ክትባትና የአልጋ አጎበር የሚያድኑት አለ፣ የማያድኑት አለ። የምትደማ እናት በአጎበር አትድንም። ሆስፒታል ትፈልጋለች። በወረቀት ላይ ይህም ታስቦበታል። በመንግሥት የጤና አደረጃጀት መሠረት አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚሆን ሕዝብ፣ አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ እንዲያገለግል ታቅዷል። ዕቅዱ ጥሩ ነው። መሬት ላይ ያለውን ግን ያው የ2016ቱ ጥናት ይነግረናል። በአዲስ አበባ ከ100 ወሊዶች 97ቱ በጤና ተቋም ውስጥ ነበሩ፤ በአፋር 15 ብቻ። በሀገር ደረጃ ደግሞ 26። ከዚያ ወዲህ መሻሻል አለ። ነገር ግን በአንድ ሀገር፣ በአንድ ባንዲራ ሥር፣ በ97 እና በ15 መካከል ያለው ገደል በምረቃ ንግግር አይሞላም።

የካንሰርን ነገር ውሰዱ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና የተጀመረው በ1997 ነው። ከዚያ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ፣ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለባት ሀገር፣ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል እሱ ነበር። ከሞያሌ፣ ከመተማ፣ ከጅጅጋ፣ ከሽሬ የመጣ በሽተኛ ሁሉ እዚያው ተሰለፈ። ወረፋው ወራት ሲፈጅ ዕጢው ወረፋ አይጠብቅም። በሬውን ሸጦ የመጣ ገበሬ አዲስ አበባ ዘመድ ከሌለው የሚያድረው በረንዳ ላይ ነው። እንግዲህ ጥቁር አንበሳ በውጤቱ ሲመዘን "ብዙ በሽተኛ ሞተበት" ቢባል ፍርዱ ትክክል ነው? የሞቱት እኮ በሽታው ከበረታባቸው በኋላ የደረሱ ናቸው። ወደ ጥቁር አንበሳ "ሪፈር" ብሎ የሸኛቸው የክልል ሆስፒታልስ? በእሱ መዝገብ ላይ አልሞቱም። በሰንጠረዡ ላይ አፈጻጸሙ ያማረ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የሞተበትን ወደ ጎረቤት መዝገብ ያዛወረ ሆስፒታልም እንዲሁ ነው።

"ሀገሪቱ ድሃ ናት፤ ያላትን ጥቂት ሐኪምና ገንዘብ በየዞኑ ከምትበትን በጥቂት ጥሩ ሆስፒታሎች ታሰባስበው" የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ክርክራቸው ክብደት አለው፤ በንቀት አናልፈውም። በወር አንድ ቀዶ ሕክምና የሚሠራ እጅ ይረሳል፤ በሳምንት ብዙ የሚሠራ እጅ ይሠለጥናል። የልብ ቀዶ ሕክምና በየወረዳው ይከፈት ማለት ሰው ግደሉ እንደማለት ነው። ነገር ግን ሁሉም ሕመም አንድ አይደለም። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ከባድ ደም በሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ሊገድል ይችላል። ለዚያች እናት አዲስ አበባ ያለው ጥሩ ሆስፒታል ላም አለኝ በሰማይ ነው። ስለዚህ ክፍፍሉ ግልጽ መሆን አለበት። ሰዓት የማይሰጥ ነገር ሁሉ፣ ማለትም ኦፕራሲዮን ለሚያስፈልገው ወሊድ፣ ለደም፣ ለኦክስጅን፣ ለአደጋ፣ ለአጣዳፊ የሆድ ሕመም የሚሆነው ሕክምና ቅርብ ይሁን፤ በጥሩ ባለሙያም ይያዝ። ሰዓት የሚሰጥና ልዩ ሙያ የሚጠይቀው፣ ማለትም ጨረር፣ የልብና የጭንቅላት ቀዶ ሕክምና፣ በጥቂት ማዕከሎች ይሰብሰብ፤ ግን መጓጓዣውና ማደሪያው ከሕክምናው ጋር አብሮ ይታሰብ። የመኪና መሳፈሪያ ለሌለው ሰው "ነጻ ሕክምና" ነጻ አይደለም።

"እኩል" እና "ፍትሐዊ" የሚሉት ቃላትም መለየት አለባቸው። እዚሁ አሜሪካ በሐምሌ 2025 የጸደቀው ሕግ ከሜዲኬይድ ብዙ ገንዘብ እየቀነሰ፣ ማካካሻ ይሁን ተብሎ ለገጠር ጤና በአምስት ዓመት 50 ቢሊዮን ዶላር መደበ። ግማሹ ማመልከቻቸው ለጸደቀላቸው ግዛቶች እኩል ይካፈላል፤ ግማሹ በመመዘኛ። እኩል ማካፈል ቀላል ነው፤ ጠብ አያስነሣም። ነገር ግን ብዙ የገጠር ሕዝብ ያለበትና ጥቂት ያለበት እኩል ሲደርሳቸው ፍትሕ ሆነ ማለት አይቻልም። በእኛም ሀገር "ለእነሱ ዞን ተሠራ፣ ለእኛም ይሠራ" የሚለው የኮታ ፖለቲካ ይህንኑ ያመጣል። የጎሣ ፖለቲካው ሆስፒታልን የክብር ጉዳይ አድርጎታል። ጥያቄው "ሆስፒታላችን የት ነው?" ሆነ እንጂ "ከቤታችን ስንት ሰዓት ይርቃል? ስንድርስ ማን ያክመናል?" አልሆነም። ከክልሉ ወሰን ማዶ በግማሽ ሰዓት የሚደረስ ሆስፒታል እያለ በሽተኛው በራሱ ክልል ውስጥ ስድስት ሰዓት እንዲጓዝ የሚያደርግ አሠራር ካለ፣ ያ ፍትሕ አይደለም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያሉት አባቶቻችን ለሕመምም ይሠራል።

ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከታኅሣሥ 2020 አጋማሽ እስከ መጋቢት 2021 መጀመሪያ በትግራይ ከጎበኟቸው 106 የጤና ተቋማት 70 በመቶ ያህሉ ተዘርፈው፣ በተለመደው ሁኔታ የሚሠሩት 13 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። በመቀሌ የዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች መድኃኒት አልቆባቸው በሽተኞቻቸው ሲሞቱ በዓይናቸው አዩ። በ2021 መጨረሻ ጦርነቱ ሲሰፋ የደሴና የወልድያ ሆስፒታሎች ተዘረፉ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በሐምሌ 2024 ባወጣው ዘገባ በአማራ ክልል በሐኪሞች፣ በሆስፒታሎችና በአምቡላንሶች ላይ የደረሰውን ጥቃት ዘርዝሯል። ታዲያ እነዚህን ሆስፒታሎች ጥይት ካልተተኮሰባቸው ጋር በአንድ ሰንጠረዥ አስቀምጦ "አንደኛ፣ ሁለተኛ" ማለት ምን ይባላል? በእግሩ የሚሄደውንና እግሩ የተሰበረውን አሰልፎ ሩጫ እንደማስጀመር ነው። መሰል ከመሰሉ ጋር ይመዘን። ቅድሚያ በጀት ደግሞ ለተሰበረው ይሰጥ።

ሌላው ሊታለፍ የማይችለው የባለሙያው ጉዳይ ነው። ላስ ቬጋስ በ2002 ያየችውን ኢትዮጵያ በየቀኑ ታየዋለች። ሐኪም ከሌለ ሆስፒታል ግድግዳ ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ማለትም በሜይ 2025 የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን ቤተሰብ አያኖርም ብለው፣ አስቀድመው አስታውቀው ሥራ ሲያቆሙ መንግሥት የሰጠው ምላሽ እስር ነበር። ዓለም አቀፍ የመብት ድርጅቶች በርካታ ባለሙያዎች መታሰራቸውን መስክረዋል። ክላርክ ካውንቲ ሐኪሞቹ ሲለቁ በ10 ቀን ውስጥ መፍትሔ ፈልጎ መለሳቸው እንጂ ከቤታቸው ለቅሞ አላሰራቸውም። በሩቅ ወረዳ የሚሠራ ወጣት ሐኪም ቤት፣ ከከተማው የተሻለ አበል፣ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ የትምህርት ዕድል ካልተሰጠው ለምን ይቆያል? እሱን በግዳጅ ልኮ፣ ጓንት ነስቶ፣ ከዚያ "አፈጻጸምህ ዝቅተኛ ነው" ማለት ግፍ ነው።

ሁለቱን ማስታረቅ አይቻልም ለሚሉን አንድ ምሳሌ እዚያው ሀገራችን ውስጥ አለ። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ በ1959 አዲስ አበባ መጡ፤ በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። በሕክምናው ጥራት ዓለም የመሰከረለት ሆስፒታል ሆነ። በበሩ በገባችው ሴት ብቻ ቢመዘን ኖሮ እዚያው ቁጭ ብሎ ምስጋናውን መቀበል ይችል ነበር። አላደረገውም። ከ2005 ጀምሮ በባሕር ዳር፣ ቀጥሎም በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ማዕከሎች ከፈተ። በ2007 ደግሞ የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ አቋቁሞ ከገጠር የመጡ ልጆችን እያሠለጠነ ወደ መጡበት አካባቢ መለሰ፤ ፊስቱላው ከመድረሱ በፊት እንዲቀር። ይህ ሆስፒታል ራሱን የመዘነው ባከማቸው ሴቶች ቁጥር ብቻ ሳይሆን ወደ እሱ መምጣት ባላስፈለጋቸው ሴቶች ነው። እኛም የምንለው ሚዛን ይህ ነው።

በዌልስ የማዕድን ሠራተኞች መንደር ይሠራ የነበረው ሐኪም ጁሊያን ቱዶር ሃርት በ1971 የጻፈው ነገር በሙያው ዘንድ የታወቀ ነው። ጥሩ ሕክምና ይበልጥ በሚያስፈልገው ሕዝብ ዘንድ ያንሳል፣ ብዙም በማያስፈልገው ዘንድ ይበዛል፤ ገበያው በበረታ መጠን ደግሞ ይህ ይብሳል ብሏል። በእኛ ሀገር ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ሐኪም እጅ፣ በመደበኛው በኩል ወራት የሚያስጠብቀው ሕክምና በግል ክንፉ በኩል ገንዘብ ላለው ቶሎ ይገኛል። የግል ክንፉ ሐኪሙን ከስደት ያቆየዋል የሚለው ምክንያት ውሸት አይደለም። ግን የሚገባው ገንዘብ የድሃውን ወረፋ ካላሳጠረ የሕዝብ ሆስፒታልነቱ በስም ብቻ ይቀራል።

ስለዚህ ጥያቄያችንን እናስቀምጥ። ከመንግሥት የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሆስፒታል መመዘኛ ከአልጋና ከበሽተኛ ቁጥር አልፎ የአካባቢውን ሕዝብ ይቁጠር፤ ስንት እናቶች በቤት ወለዱ፣ ስንቱ መንገድ ላይ ቀረ፣ ሪፈር የተባለው የት ደረሰ? ሁለተኛ፣ መሰል ሆስፒታል ከመሰሉ ጋር ይወዳደር፤ የወደቀው አስቀድሞ ባለሙያና መሣሪያ ይታገዝ፣ ታግዞ ያልተሻሻለ አስተዳደር ይቀየር። ሦስተኛ፣ ውጤቱ ለሕዝብ ይታተም፤ በመንግሥት ጋዜጣ ላይ የምረቃው ዜና በወጣበት ገጽ ላይ ይውጣ።

እኛ በስደት ያለነውም ከተጠያቂነት አናመልጥም። በ2018 ጠቅላይ ሚኒስትሩ በቀን አንድ ዶላር ስጡ ሲሉ በርካታ ወገኖቻችን ሰጥተዋል፤ የፖለቲካ ልዩነት ያላቸውም ሰጥተዋል። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ በየትውልድ አካባቢ ማኅበሩ ለሆስፒታል ገንዘብ ይዋጣል፣ በኮንቴይነር አልጋና መሣሪያ ይላካል። ሥራው የተቀደሰ ነው። ነገር ግን የሚያሠራው ባለሙያ፣ የሚጠግነው ቴክኒሻን፣ የማያቋርጥ መብራት የሌለው ማሽን መጋዘን ያጣብባል እንጂ ሰው አያድንም። በሚቀጥለው የእራት ግብዣ ላይ ቼክ ከመፈረማችሁ በፊት አዘጋጆቹን በትሕትና ጠይቁ፦ በሆስፒታሉ ዙሪያ ስንት ሕዝብ ይኖራል? ሩቁ ቀበሌ በእግር ስንት ሰዓት ነው? ማሽኑን ማን ያሠራዋል? መክፈል ያልቻለው በምን ይታከማል? የእኛ መንደር ሆስፒታል ሁለተኛ አልትራሳውንድ ከሚጨመርለት፣ ማንም ማኅበር ያላቋቋመለት የጎረቤት ወረዳ የመጀመሪያውን ቢያገኝስ? ይህ ጥያቄ ለብዙዎቻችን መራራ ነው። ቢሆንም ከአዲስ አበባ ሰዎች ፍትሐዊ ሥርጭት ስንጠይቅ በራሳችን ኪስ ላይ ኮታ ማስቀመጥ አያምርብንም።

በዚህ ከተማ ማንም ሰው፣ ኢንሹራንስ ይኑረው አይኑረው፣ በድንገተኛ ክፍል በር ላይ ሳይታይ እንዳይመለስ ሆስፒታሎችን የሚያስገድድ የፌደራል ሕግ ከ1986 ጀምሮ አለ። ሌሊት ታክሲ ሲነዳ የታመመ ወገናችን በዚህ ሕግ ድኗል። ከወራት በኋላ የሚመጣው ቢል ያስደነግጣል፤ ያ ሌላ ርዕሰ አንቀጽ ይፈልጋል። ቢያንስ ግን በሩ ተከፍቶለታል። ለእናቱም በአፋር፣ በወሎ፣ በቦረና፣ በትግራይ በር እንዲከፈትላት፣ በሩም እንዲቀርባት፣ ከበሩም ወዲያ የሚያክማት እጅ እንዲኖር መጠየቅ ፖለቲካ ነው የሚሉን ካሉ፣ አዎ፣ ፖለቲካ ነው። ከዚህ የበለጠ ፖለቲካ የለም።

በቃሬዛ ላይ ያለችው እናት ትቆጠር!

ቸር ወሬ ያሰማን።